እንግዳ በእንግዳ ቤት

ቤቱን እየጠቀለለ ያለ ሚስዮናዊ ከባሕር ማዶ ለሥራ የሚመጣ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን መቀበል ይገባዋልን? ለሩቅ ሰው ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ማጂ ላለ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። ቡድኑ ይመጣል፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ ይለስናል ወይም ምንጭ ያጎለብታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሄዳል። ተቀባዩም ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሮ ዕቃውን በካርቶን እያሰረ ነው። መጪውም ሂያጅ፣ ተቀባዩም ሂያጅ ከሆነ ሥራው የማን ሆኖ ይቀራል? ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ሐሳቤ የሄደበትን መንገድም በተራ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «አይገባውም» የሚል ነበር። እንግዳ መቀበል አልጋ በማንጠፍ አያበቃም። መኪና፣ አስተርጓሚ፣ ወጥ ቤት፣ ከወረዳው የሚጻፍ ደብዳቤ፣ ሆዱን የታመመውን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ሁሉም የተቀባዩ ዕዳ ነው። ልቡ ቀድሞት አዲሱ ጣቢያ የገባ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል? ደግሞም ቡድኖቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱት በአገራቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፤ ይህም በእኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደቡብ ምዕራብ ከአገራችን ምድር ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነው። በእነዚያ ወራት ሲሚንቶው አይደርቅም፣ ወደ ማጂ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ ገበሬውም አረም ላይ ነው። ወቅቱ የተመረጠው ለእንግዳው ዕረፍት እንጂ ለሥራው አይደለም።

ቀጥዬ ወጪውን መዘንሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ካወደመ በኋላ ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ተመራማሪ ከሰሜን አሜሪካ የመጡ ቡድኖች የሠሯቸውን ቤቶች የአገሬው ክርስቲያን ድርጅቶች ከሠሯቸው ጋር አነጻጽሮ ነበር። አንድ ቤት ወደ 2,000 ዶላር ይፈጃል፤ አንድ ቡድን ለመምጣት የሚያወጣው ግን በአማካይ 30,000 ዶላር ያህል ነበር። በቤቶቹ የገቡት ቤተሰቦች ኑሮ ላይ ደግሞ ቤቱን የሠራው ማን መሆኑ ያመጣው ልዩነት አልተገኘም። ይህን ሳነብ ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ፦ ገንዘቡን ላኩ፣ እናንተ ቅሩ።

ግን አላለቀም። ሰው በዶላር ብቻ አይመዘንም፤ ተጓዡ ያየውን ይዞ ይመለሳል፣ ዕድሜ ልኩን ወዳጅ ይሆናል ብዬ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ያው ጥናት ይህንንም ጠይቋል፤ ተጓዦቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ በልግስናቸው ላይ ትልቅና ዘላቂ ለውጥ አላገኘም። እንግዲህ የሁለት ሳምንት ፍቅር ሥር አይሰድም፤ ሥር የሚሰድደው የዓመታት ኑሮ ነው አልሁ። ማጂም ምስክር ሆነችልኝ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃሮልድና ፖሊ ከርትዝ የተባሉ የአሜሪካ ሚሲዮን ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በዲዚ ሕዝብ ምድር፣ በማጂ ተራራ ላይ ኖረዋል። በማጂ ካደጉት ልጆች አንዷ ጄን ከርትዝ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሆነው፣ ከዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ጋር «ኢትዮጵያ ሪድስ» ለተባለው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ደክመዋል። እኅታቸው ካሮላይንም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ማጂን ለማገዝ ድርጅት አቋቁመው የፀሐይ ኃይል ለማስገባት ተነሥተዋል።

ቢሆንም ይህ ማስረጃ የሄዱት ማጂን አለመርሳታቸውን ነው የሚያሳየኝ። የእኔ ጥያቄ ግን የቀሩት ምን ይዘው ቀሩ የሚል ነው። ለዚህ ወደ ወላይታ ማየት ነበረብኝ። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲነሡ ሐሳባቸው ወደ ጅማ ነበር፤ መንገድ ላይ አቅጣጫቸው ተለውጦ ሆሳዕናና ሶዶ ላይ ቀሩ። በ1929 ዓ.ም. ጣልያን ከሶዶ ሲያስወጣቸው የተጠመቁት ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። እንደ ዋንዳሮ ያሉ ሰባኪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጠላት ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ ወደ 10,000 ደርሰው እንደጠበቋቸው ይነገራል። ስለዚህ ረጅም መቆየትም ብቻውን መልስ አይደለም፤ መሄድም ብቻውን ጥፋት አይደለም።

እዚህ ላይ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። እምነት እንደ ቧንቧ አይደለም። እምነት በእስር ቤት ይበረታል፤ ቧንቧ ግን ሲሰበር መለዋወጫ፣ መፍቻና ቁልፉን የያዘ የውኃ ኮሚቴ ይፈልጋል። ሂያጅ ለሂያጅ ያስረከበው ቦኖ ሲደርቅ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ወደ ጥንቱ ወንዝ ይመለሳሉ። ታዲያ በወላይታ ያልጠፋው ምንድን ነው ብዬ እንደገና ጠየቅሁ። መልሱ «ባለቤቱ» የሚል ሆነ። ጉዳዩን የራሳቸው ያደረጉ ሰዎች ስለነበሩ የሚስዮናዊው መኖር አለመኖር አልወሰነውም።

በዚህ ብርሃን ሲታይ የመነሻ ጥያቄዬ አቀማመጡ ልክ አልነበረም። በአገራችን ደቦ የሚጠራው ማሳው ያለው ሰው ነው። ቀኑን እርሱ ይቆርጣል፣ ጠላውን እርሱ ያዘጋጃል፣ ደቦው ሲበተን ማሳውን የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ሚስዮናዊው ግን ማሳ የለውም፤ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም እንግዳ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሊዛወር ዕቃውን ሲያስር ሳይሆን እንግዳ እንግዳን የጠራ ቀን ነው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የኬንያው ፕሬስቢቴሪያን ጆን ጋቱ እ.ኤ.አ. በ1971 ሚስዮናውያንም ገንዘባቸውም ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይታገዱ ብለው ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ምዕራባውያን ረጂዎች ወንጌልንና ልማትን ነጣጥለው በራሳቸው መስፈርት መርዳታቸውን ተቃወመች። ከአሜሪካ ሚሲዮን ሥራ የወጣችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ባለቤት የለም እንዳይባል ባለቤት አለ።

ታዲያ ጋቱ እንዳሉት ሁሉም ይቅር? እስከዚያ አልሄድም። የሚዛወረው ሚስዮናዊ ሾፌርና አስተርጓሚ ይሁን እንጂ ጠሪ አይሁን። የጥሪውን ደብዳቤ የአካባቢው ምእመናን ጉባኤ ትጻፍ፤ ወሩን እርሷ ትምረጥ፤ ምንጩን ማን እንደሚጠግን ከመጀመሪያው ቀን ይታወቅ። ይህ ከሆነ የእርሱ ካርቶን ማሰር ሥራውን አያጓድልም።

የመጨረሻው ሙግት ግን ከባዱ ነው፦ ቧንቧው የሚመጣው ከቡድኑ ጋር ከሆነ ድሃ ጉባኤ እንዴት «አትምጡ» ትላለች? አትልም። ስለዚህ ላኪዎቹ ቧንቧውን ከጉብኝታቸው ይለዩት፤ ቡድኑ ቢቀርም ቧንቧው ይምጣ። እናንተም የጉባኤ ሽማግሌዎች፣ ዝናቡ ገና ካላባራና ሥራው ካልተዘጋጀ «ዘንድሮ አይሆንም» ብላችሁ ጻፉ። እንቢ ማለት የማትችል ጉባኤ እንግዳ ታስተናግዳለች አይባልም።