ሰባት ዓመት ጠብቀው

ባለፈው ሰሞን መገናኛ የታክሲ ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ አንድ ሰው በሙሉ ስሜ ጠራኝ። ዞር አልኩ። ደልደል ያለ፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። "አላወቅኸኝም አይደል?" ብሎ ሲስቅ የፊት ጥርሱን ፍንጭት አየሁና አወቅሁት። ሦስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብረን ተቀምጠናል። ተቃቀፍን፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፤ "እናትህስ ደኅና ናቸው? ልጆችስ?" ተባባልን። ጉዱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ስሙን ልጠራ አፌን ስከፍት ምላሴ ላይ የመጣው አንድ ቃል ብቻ ሆነ፦ "ድንጋዩ"።

ድንጋዩ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ አይደለንም። የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ አውጥተው የማካፈል ጥያቄ ሰጡት፤ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። "ከድንጋይ ውሃ አይወጣም፤ ከአንተም ሰው አይወጣም!" አሉት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ሆኖ ቀረ። እስከ ስምንተኛ ክፍል አብረን ስንማር ከዚህ ሌላ በምን ስም እንጠራው እንደነበር ትዝ አይለኝም።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሥራው የውሃ ፓምፕ መትከልና መጠገን ነው። ሦስት ልጆች አሉት። "ቲቸር ከድንጋይ ውሃ አይወጣም ይሉ አልነበር? ይኸው ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞርኩ ከድንጋይ ሥር ውሃ አወጣለሁ" አለና ሳቀ። እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ሳቅሁ። ግን የዛሬው ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ሰውዬው ያቺን ቃል ይህን ሁሉ ዓመት ተሸክሟታል ማለት ነው። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እጄን ኪሴ ውስጥ ሳልከት የእኔንም ከፍሎ ጨረሰ። ቀድሞኝ ወረደ። እኔ ስሙን ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ አንድ እንግሊዛዊ ፊልም ሠሪ ነው። ማይክል አፕቴድ ይባላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሌላ ሥራው ነው፤ በ1999 የወጣውን የጄምስ ቦንድ ፊልም የመራው እሱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ)። እኔን ያስታወሰኝ ግን ቦንድ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ እየተመላለሰ የሠራው አንድ ዘጋቢ ፊልም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1964 ግራናዳ የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰባት ዓመት የሞላቸውን አሥራ አራት ልጆች ሰብስቦ ስለ ኑሮ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ወደፊት ምኞታቸው ጠየቃቸው። ከሀብታም ቤት የመጡ አሉ፤ ከለንደን ምሥራቅ የድሃ ሰፈር የመጡ አሉ፤ በልጆች ማሳደጊያ የሚኖሩም ነበሩ። ሐሳቡ በአጭሩ የሰባት ዓመት ልጅ አሳዩኝና የሚወጣውን ሰው ልንገራችሁ የሚል ነው። ያን የመጀመሪያ ፊልም የመራው ካናዳዊው ፖል አልመንድ ሲሆን ወጣቱ አፕቴድ ልጆቹን ፈልጎ ካገኙት አንዱ ነበር። ፊልሙ ለአንድ ጊዜ ታይቶ የሚቀር ነበር። አፕቴድ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ካሜራውን ይዞ ወደ እነዚያው ልጆች ተመለሰ። ሃያ አንድ ሲሞላቸው ሄደ። ሃያ ስምንት ሲሞላቸው ሄደ። እንዲህ እያለ እስከ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ደረሰ። የመጨረሻው ፊልም የታየው በ2019 ነው። እሱ ራሱ በጥር 2021 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ።

እስቲ ልብ እንበል። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ ወደ አንድ በር መመላለስ! እኛ የጎረቤታችንን ልጅ እንኳ "ይሄ የሚሆን አይደለም" ካልን በኋላ መቼ ተመልሰን አየነው?

ታዲያ ትንቢቱ ያዘ ወይ? መልሱ ያዘም፣ አልያዘምም ነው። ሦስቱ የሀብታም ልጆች በሰባት ዓመታቸው የሚማሩበትን ትምህርት ቤትና የሚገቡበትን ዩኒቨርሲቲ እንደ ጸሎት ሲያነበንቡ ይታያሉ። አንዳንዷ ዝርዝር ብትለዋወጥም በአብዛኛው መንገዱ እንደተባለው ሆነላቸው። ለድሃ ልጆች እንደዚያ ያለ ጥርጊያ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ "ሰው ከፈለገ ሁሉን ይሆናል" የሚሉት ዘፈን እዚህ ላይ አይሠራም። አንዱ በተነጠፈለት ላይ ይራመዳል፣ ሌላው መንገዱን በጥፍሩ እየቆፈረ ይሄዳል። ይህን ሳይናገሩ ድሃውን "አንተ ነህ ያልቻልከው" ማለት ግፍ ነው።

ግን ደግሞ ቶኒን እንመልከት። የለንደን የድሃ ሰፈር ልጅ ነው። በሰባት ዓመቱ የፈረስ እሽቅድምድም ጋላቢ እሆናለሁ አለ። በአሥራ አራት ዓመቱ ጋጣ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ጥቂት ውድድሮችም ጋለበ፤ ግን አልዘለቀበትም። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው አፕቴድ በልቡ "ይሄ ልጅ መጨረሻው እስር ቤት ነው" ብሎ ደመደመ። ስለዚህም ለሚቀጥለው ፊልም ያስፈልገኛል ብሎ ቶኒን ወንጀል በሚበዛባቸው ሰፈሮች እያዞረ ቀረጸው። አስቡት፤ ልጁ ገና ምንም ሳያጠፋ የክሱ ማስረጃ እየተሰበሰበለት ነበር! ቶኒ ግን የለንደንን መንገዶች አንድ በአንድ በቃሉ አጥንቶ፣ ያንን አስቸጋሪ ፈተና አልፎ የታክሲ ነጂ ሆነ። ቤተሰብ መሠረተ፣ ልጆች አሳደገ። አፕቴድም "ተሳስቼ ነበር" ብሎ በግልጽ ተናገረ።

ሳይመን ደግሞ በሰባት ዓመቱ በልጆች ማሳደጊያ የነበረ ነው። ካደገ በኋላ እሱና ባለቤቱ ወላጅ ያጡና ወላጅ ማሳደግ ያልቻለላቸውን ብዙ ልጆች እየተቀበሉ በቤታቸው አሳደጉ። ሱዚ የምትባለው የባለጠጋ ልጅ በሃያ አንድ ዓመቷ ስለ ትዳር ስትጠየቅ ፊቷን ያጨማደደች፣ ሲጋራ በሲጋራ ላይ የምትለኩስ ኩርፍተኛ ወጣት ነበረች። በሃያ ስምንት ዓመቷ ካሜራው ያገኛት ባለትዳርና ደስተኛ እናት ሆና ነው። አንድ ሰው ሃያ አንድ ላይ ፊልሙን ቢያቆመው ኖሮ ሱዚ ለዘላለም ኩርፍተኛ ሆና ትቀር ነበር።

የእኛ የብዙዎቻችን ችግር ይኸው ነው፤ ፊልሙን ሃያ አንድ ላይ እናቆማለን። ሰውን ያየነው በክፉ ቀኑ ከሆነ ያቺን ቀን ስም አድርገን እንሰጠዋለን። ዕዳ ያልከፈለ ሁሉ "አጭበርባሪ"፣ ትዳሩ የፈረሰ ሁሉ "ቤት የማይበረክትለት"፣ ታስሮ የወጣ "ያ ወንበዴ" ይባላል። ፍርዱን ጨርሶ የወጣ ሰው የሚያከራየው ቤት ሲያጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛው አምስት ዓመት ፈረደ፤ ሰፈሩ ግን ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ባስ ሲልም ሰውየውን ሳናየው ገና የትውልድ ቦታውን ሰምተን "አይ የዚያ አገር ሰው!" ብለን ፋይሉን እንዘጋለን።

አንባቢዬ እዚህ ላይ "ታዲያ ሰው ሳይመዝኑ ይኖራል እንዴ?" ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ አይኖርም። ገንዘብ የሚያበድር፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ ልጁን ለሞግዚት የሚሰጥ ሰው መመዘን አለበት። አንዴ የሰረቀህን ሰው የቤትህን ቁልፍ አስረክበው የሚል የለም። ነገር ግን ሥራን መመዘንና ሰውን መደምደም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። "ይህን ጥያቄ አልሠራህም" ማለት ማረም ነው። "ከአንተ ሰው አይወጣም" ማለት ግን የሰውን ነገ መስረቅ ነው። የመጀመሪያው በማስረጃ የተባለ ነው። ለሁለተኛው ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? ነገን ማን አይቶት?

አንድ ሌላም ነገር አለ። የታየውም ሰው የሚናገርበት አፍ አለው። አፕቴድ ከአሥራ አራቱ መካከል ሴቶቹ አራት ብቻ መሆናቸውን በኋላ በጸጸት ሲያነሣው ኖሯል። ከአራቱ አንዷ ጃኪ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እዚያው ካሜራው ፊት ተጋፈጠችው። ስለ እኔ የምታሳየው አንተ የመረጥከውን ነው፣ የጠየቅከኝም አንተን የመሰለህን ነው አለችው። ጆን የሚባለው ደግሞ በፊልሙ ላይ ሁሉ የተመቻቸለት የጌታ ልጅ ሆኖ ቀረ፤ ሕፃን ሳለ አባቱ መሞታቸውን፣ እናቱ እየሠሩ እንዳስተማሩት ግን አልተነገረለትም ነበር። ቅሬታውን ተናገረ። ፒተር የተባለው በሃያ ስምንት ዓመቱ ስለ መንግሥት የተናገረውን ጋዜጦች ስላብጠለጠሉት ለብዙ ዓመታት ከፊልሙ ራቀ፤ የተመለሰው ሃምሳ ስድስት ሲሞላው ነው። እንግዲህ በበጎ ዓይን የሚያይም ሰው ሳያውቅ ያቆስላል። የአፕቴድን ሥራ ያከበርኩለት ስላልተሳሳተ አይደለም፤ ስሕተቱንም፣ የጃኪን ቁጣም፣ የጆንን ቅሬታም ቆርጦ አለመጣሉን ነው። ዳኛው ራሱ ሲዳኝ አሳየን።

ከሁሉ ልቤን የነካው የኒል ታሪክ ነው። በሰባት ዓመቱ ዓይኑ የሚበራ፣ እየዘለለ የሚሄድ፣ የጠፈር ተመራማሪ ካልሆንኩ የአውቶብስ ሹፌር እሆናለሁ የሚል የሊቨርፑል ልጅ ነበር። በሃያ አንድ ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ለንደን ውስጥ የሰው ባዶ ቤት ገብቶ ይኖር ነበር። በሃያ ስምንት ዓመቱ ቤት አልባ ሆኖ በስኮትላንድ ሲንከራተት ተገኘ። ያየው ሁሉ "ይሄ እስከሚቀጥለው አይደርስም" አለ። በአርባ ሁለት ዓመቱ ግን ለንደን ውስጥ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ሆኖ ብቅ አለ! በመካከሉ ቤቱን ከፍቶ ያስጠጋው ማን ነበር? ብሩስ፤ ከአሥራ አራቱ አንዱ፣ በባንግላዴሽና በለንደን ምሥራቅ ሒሳብ ያስተምር የነበረው። በኒል ላይ ትንበያ የሰጠ ብዙ ነው፤ አልጋ የሰጠው ግን አንድ ሰው ነው። የኒል ኑሮ ከዚያም በኋላ አልጋ በአልጋ ሆነለት አልልም፤ ጭንቀቱና ብቸኝነቱ አብረውት ኖረዋል። ቢሆንም ሰዎች በሃያ ስምንት ዓመቱ የጻፉለት መጨረሻ የእሱ መጨረሻ አልነበረም።

አባቶች የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ የአንድ ሰው ዕድሜም ዥንጉርጉር ነው እላለሁ። በአንዱ ቀለም ብቻ አይተን "ጥቁር ነው" ወይም "ነጭ ነው" የምንል ሰዎች ካሜራችንን ቶሎ አጥፍተናል። ሰባት ዓመት መጠበቅ ካቃተን ቢያንስ ነጥቡን አንድፋ፤ ሰረዝ አድርገን እንለፍ።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በማግስቱ ለሌላ የድሮ የክፍል ጓደኛችን ደወልኩ። "ያ ሦስተኛ ክፍል ከእኔ ጋር ይቀመጥ የነበረው ልጅ፣ ፍንጭቱ፣ ስሙ ማን ነበር?" አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ "እ! ድንጋዩን ነው?" አለ እየሳቀ። "እሱን አውቃለሁ፤ ስሙን ነው የጠየቅሁህ" አልኩት። ዝም አለ። እሱም አያውቀውም። አስተማሪያችንን በዚህ ጽሑፍ ስወቅስ ቆይቻለሁ። እሳቸው ግን ቃሉን የተናገሩት አንድ ቀን ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የደገምነው እኛ ነን።

የሚወርድበትን ፌርማታ አይቻለሁ። ሰሞኑን ሄጄ እጠብቀዋለሁ። ማፈሬ አይቀርም፤ ቢሆንም ስሙን እጠይቀዋለሁ። የታክሲውንም እኔ እከፍላለሁ።