ለላንቴው ፕሮግራመር ልጄ

ልጄ፣ ላንቴ ተቀምጠህ ለሙዝ አምራቾች ማኅበር የርክክብ መዝገብ በፒኤችፒ እየሠራህ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ሙዙ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ የማን ስንት ኪሎ እንደወጣ በትክክል የሚይዝ መዝገብ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ስለ አትሪቢውት ከመነሻው ላጫውትህ።

ድሮ ስለ ክላሱ መናገር የምንፈልገውን ኮመንት ውስጥ እንጽፍ ነበር። እንደ ዶክትሪን ያሉ መሣሪያዎች ያንን ጽሑፍ እየፈቱ ያነቡት ነበር። ሰርቨሩ ላይ ኦፕካሽ ኮመንት እንዳይዝ ከታዘዘ ግን ሁሉም ድራሹ ይጠፋ ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የወጣው ፒኤችፒ 8.0 ገላገለን፤ በ#[ ] የሚጻፈው አትሪቢውት የቋንቋው አካል ሆነ።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል። ክላሱ ላይ #[ሠንጠረዥ('ርክክብ')] ብለህ ስትለጥፍ ስም አወጣህለት እንጂ ገና ምንም አልተሠራም። በሪፍሌክሽን አንብቦ የሚሠራበት ኮድ ካልጻፍክ ተቀባይ የለውም።

ፒኤችፒ የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል ስሞቹን በአማርኛ ማድረግህን ወድጄዋለሁ። ግን ልብ በል። አትሪቢውቱን በንጉሡ ሠ «ሠንጠረዥ» ብለህ ሰይመህ፣ የርክክቡ ክላስ ላይ በእሳቱ ሰ «ሰንጠረዥ» ብትለው ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራሙም አይጮኽም። «ሠንጠረዥ»ን ለይተህ ስትጠይቅ ሪፍሌክሽን ባዶ ዝርዝር ይመልስልሃል። ከሌላ ኔምስፔስ በዩዝ ማስገባት የረሳኸው ስምም እንዲሁ ያደርግሃል። አንተ የጻፍከው አትሪቢውት በእርግጥ መኖሩን፣ ክላስ ላይ መለጠፍ የተፈቀደለት መሆኑንም ፒኤችፒ የሚያጣራው ኒውኢንስታንስ ሲጠራ ብቻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! የሚያነበው ኮድህ ምልክት ያጣበትን ክላስ ስሙን ጠርቶ ሥራውን እንዲያቆም አድርገው።

ቋንቋው ራሱ የሚያውቃቸው ጥቂት አትሪቢውቶችም አሉ። በ8.2 የመጣው አላውዳይናሚክፕሮፐርቲስ ክላሱ ላይ ያልታወጀ ፕሮፐርቲ ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትጨምር ይፈቅድልሃል። ማስጠንቀቂያ ለማፈን ብለህ አትለጥፈው፤ ፕሮፐርቲውን አውጅ።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን የኪሎውን ዋጋ አትሪቢውት ውስጥ እንዳትከት ነው። አትሪቢውት የሚቀበለው ኮዱ ሲጻፍ የታወቀ፣ ቋሚ ነገር ነው። የሠንጠረዡ ስም እንዲህ ነው፤ የሙዝ ዋጋ ግን እንዲህ አይደለም። ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አንድ ሰው ኮዱን ከፍቶ ቁጥር ሊቀይር ነው? አንተ ሥራ አግኝተህ ሌላ ከተማ ብትሄድ ማን ይነካዋል? ከዚያም የባሰው፣ ያለፈው ሳምንት ርክክብ በዛሬው ዋጋ ይሰላና ጉድለቱ በገበሬው ላይ ይወድቃል። ማሳውን ሲኮተኩት የከረመ ሰው ሒሳቡን ባንተ መዝገብ አምኖ ነው የሚሄደው፤ ያጎደለበት አትሪቢውት ይሁን ሌላ ለእሱ ልዩነት የለውም። ዋጋ ከነቀኑ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጥ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጭነት ከመመዝገቡ በፊት የርክክቡን ክላስ ክፈትና ዋጋ አትሪቢውት ውስጥ ከትተህ እንደሆነ አውጣው። ሠ እና ሰ የተምታቱበትን የሚይዝ አንድ ቴስት ጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ አስረክብ።