ዓሣው ምን አጠፋ?

ቆቦ ያደገ ሰው ስለ ሐይቅ ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ሳያስቅ አይቀርም። በራያ ቆላ የሚታወቀው ውኃ ጎርፍ ነው። ሆርማትና ጎሊና ከምዕራቡ ተራራ ደለል ተሸክመው ሲወርዱ፣ ገበሬው በአፈር ክትር ጠልፎ ወደ ማሽላው ማሳ ይመራቸዋል። ያ ደለል ከላይ ካለው ሰው እርሻ የታጠበ አፈር ነው። ለእኛ ሲሳይ የሆነው ለሌላው ጉዳት መሆኑን በልጅነቴ የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ የገባኝ በኩበት በኩል ነው። ከአጨዳ በኋላ ከብቶች ማሳው ላይ የቀረውን አገዳ ይበላሉ፤ እበታቸውንም እዚያው ይጥላሉ። መሬቱ የሰጠውን መልሶ ይቀበላል። እናቴ ግን እበቱን ሰብስባ፣ ጠፍጥፋና አድርቃ ቆቦ ገበያ ትሸጠው ነበር። ደብተሬም ጫማዬም የተገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። እንግዲህ የተማርኩት የማሽላውን ቀለብ ተሻምቼ ነው ማለት ነው። እናቴን ማን ይወቅሳታል? እኔስ ዕዳ አለብኝ ወይስ የለብኝም?

ወደ ደሴ በተጓዝኩ ቁጥር ይህን ጥያቄ የሚቀሰቅስብኝ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ1930 ዓ.ም. የጣሊያን ተመራማሪዎች ነጭ ሰሃን በገመድ አስረው ወደዚህ ሐይቅ ቢያወርዱ፣ ሰሃኑ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታይ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ተብሎ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ተጨመረበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሲለካ ግን ሰሃኑ 2 ሜትር እንኳ ሳይወርድ ከዓይን ተሰወረ። ውኃው አረንጓዴ ሆኗል።

ዓሣው ምን አደረገ? እንደ ፍጥረቱ በላ። በውኃው ውስጥ አልጌ እየበሉ የሚያጠሩት፣ በዓይን እምብዛም የማይታዩ ጥቃቅን እንስሳት ነበሩ፤ በተለይ የዓሣው ግልገሎች እነዚህን ይለቅማሉ። ጠባቂው ሲጠፋ አልጌው በዛ። ሌላም አለ። ዓሣ የበላውን ናይትሮጅን አብዛኛውን በስንጥቡ፣ ፎስፎረሱን ደግሞ በሽንቱና በኩሱ መልሶ ውኃው ውስጥ ይለቀዋል። ወደ ጥልቁ ሰጥሞ ሊቀር የነበረው ንጥረ ነገር ብርሃን ባለበት ለአልጌው ይቀርብለታል ማለት ነው፤ ልክ ከብቶቹ ማሳው ላይ እንደሚያደርጉት። አጥማጁ ዓሣውን ሲያወጣ ደግሞ በአጥንቱና በቅርፊቱ የተከማቸው ፎስፎረስ አብሮ ይወጣል፤ እናቴ ኩበቱን ገበያ እንዳወጣችው። በእርግጥ ጥፋቱ የዓሣው ብቻ አይደለም። በዙሪያው ካሉት እርሻዎች የሚታጠበው አፈርና ፍግም ሐይቁን ያዳብረዋል።

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ «ተፈጥሮን መንካት አይገባም ነበር» ይላል። ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የጠገበ ሰው ነው። ሌላው «የሰው ሆድ ይቀድማል፤ ውኃ ጠራ አልጠራ ምን አገባን?» ይላል። ይህኛው ደግሞ ነገ የሚወለደውንም ሰው ሆድ እንዳለው ይረሳል። ሐሳቡ በጎ ነበር ማለትም አያዋጣም፤ ሐይቁ የሰውን ሐሳብ አያነብምና።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሕይወት ሁሉ የሚቀባበለው ነገር ውስጥ እጃችንን ሳናስገባ መኖር አንችልም። ኃጢአቱ እጅን አስገብቶ ፊትን ማዞር ነው። በጎ ሥራ ዓሣውን ውኃ ውስጥ በለቀቁበት ቀን አያበቃም፤ ቆሞ ማየትን፣ መለካትን፣ ሲበላሽም ማረምን ይጠይቃል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ መነጋገር የቻልነው ከዓሣው በፊት አንድ ሰው ሰሃን አውርዶ የለካውን ጽፎ ስላስቀመጠ ነው። የአባቴን ማሳ ግን ማንም አልለካውም። ስንት ዓመት ኩበቱ ተወሰደበት? ምርቱስ ስንት ቀነሰ? የተጻፈ ነገር የለም።

እናቴ ዛሬም «አንተን ያስተማረህ ኩበት ነው» ትለኛለች። በኩራት ነው የምትናገረው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያልተከፈለ ሒሳብ ይታወሰኛል።