ስለ መርሳትና ስለ ሽብሸባ

ሰው ያሳለፈውን ዘመን፣ የወለዳቸውን ልጆች ስምና የገዛ ቤቱን ደጃፍ ሳይቀር በዘነጋ ጊዜ፣ አሁንም ያው የቀድሞው ሰው ነውን? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፣ አባቱ «ጃጁ» ተብለው ከማኅበር የቀሩበት ልጅ ሁሉ ጧት ማታ የሚጋፈጠው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ የሰውን ማንነት በንቃተ ኅሊናውና በትዝታው ላይ መሠረተው። ነገሩ እርሱ እንዳለው ቢሆን ኖሮ፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሐኪሞች ጉባኤ የገለጠው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ደዌ፣ ሥጋ ሳይሞት ሰውዬውን አስቀድሞ የሚገድል በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ደዌው አንጎልን ባንድ ጊዜ አይወርሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ነገር ከሚመዘገብበት ክፍል ጀምሮ የትናንቱን ሲያጠፋ፣ እጅና እግር በረጅም ልማድ የተማሩትን ዘግይቶ ይነካዋል።

በማኅሌት ያረጁ አንድ መሪጌታ እናስብ። ቁም ዜማው ሲጀመር መቋሚያቸውን ተደግፈው ጸጥ ይላሉ፤ ዝማሜው ሲደርስ መቋሚያው በእጃቸው ወዲያና ወዲህ ይዘምማል፤ ከበሮው በመረግድ ሲገባ ጸናጽሉ ይነሣል፤ ጽፋቱ ሲፋጠን እጃቸው ከጭብጨባው ጋራ ይገጥማል። የዕለቱን በዓል ቢጠይቋቸው አያውቁት ይሆናል፤ የሽብሸባውን ሥርዓት ግን አካላቸው ይጠብቀዋል። እንዲሁም የገዛ ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» የሚሉ አንዲት የኦሮሞ እናት፣ በልጅነታቸው ፊት ለፊት ተያይተው የጨፈሩት ሸጎዬ ሲደምቅ ትከሻቸው ምቱን ያገኘው ይሆናል።

«ይህስ የሥጋ ልማድ እንጂ የነፍስ ምስጋና አይደለም» የሚል ቢኖር፣ ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሆነውን ይመልከት። ሕፃኑ ምንም አያስተውልም፤ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክድለት፣ ወደ ምሥራቅም ዞሮ ሃይማኖቱን የሚመሰክርለት የክርስትና አባቱ ነው። በመግቢያው በር ማስተዋልን ያልጠየቀች ቤተ ክርስቲያን በመውጫው በር ስለ ምን ትጠይቃለች? የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ ዛሬ የደረሰውም በአንድ ሰው ትዝታ አይደለም፤ ቀኙ ያቆመውን ግራው እየተቀበለ፣ የአንዱን ጉድለት ሌላው እየሞላ ነው። እንግዲህ የዘነጉት አረጋዊ ምስጋናም የእርሳቸው ሆኖ ሳለ፣ እንደ ክርስትና አባት ቃሉን የሚይዝላቸው ማኅበሩ ነው።

ሽብሸባ ግን ደዌውን አይፈውስም፤ በበዓል ቀን በአረጋዊው ዝማሜ ተደስቶ፣ ሌሊት ከቤት ወጥተው እንዳይጠፉ በር ስትጠብቅ የምታድረውን ልጃቸውን የሚረሳ ማኅበርም የክርስትና አባትነቱን ገና አልተቀበለም። የክርስትና አባት ግዴታ በጥምቀቱ ቀን እንደማያበቃ እናውቃለን፤ አረጋዊውን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ማኅሌቱ የሚያስገባም፣ ሌሊቱን በተራ ሊጠብቅላቸው ይገባዋል።