የጥንቃቄ ዕዳ በመንገድ መታጠፊያ

ካሚዮን የሚነዳ ሰውና ብስክሌት የሚነዳ ሰው በአንድ ጎዳና ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንበል። ከማዕዘኑ ሲደርሱ ካሚዮኑ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በቀኙ ያለው ብስክሌተኛ ግን ቀጥ ብሎ ሊያልፍ ይሻል። አደጋ ቢደርስ ጥፋቱ የማን ነው? ብዙ ሰው «የሁለቱም ነው» ብሎ ነገሩን እንደ እንጀራ ለሁለት ይቈርሰዋል። ይህ ፍርድ ቅን ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ጎደሎ ነው።

አስቀድመን እያንዳንዱ የሚያውቀውን እንመልከት። ነጂው ሊታጠፍ ማሰቡን ያውቃል፤ ብስክሌተኛው ግን የሰው ሐሳብ አይታየውም። ብስክሌተኛው በዚያ መኖሩን ያውቃል፤ ነጂው ግን ከወንበሩ ከፍታ የተነሣ ከጎኑ ያለውን ላያይ ይችላል። ደግሞም ረጅም ካሚዮን ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ያልፋል እንጂ። ስለዚህ አሁን ሰፊ የመሰለው ስፍራ ወዲያው ይጠባል። እንግዲህ ነጂው አስቀድሞ ፍሬቻ ያሳይ፥ መስታወቱንም ይመልከት፤ ብስክሌተኛውም ፍሬቻውን ባየ ጊዜ በቀኝ ሾልኮ ለማለፍ አይሽቀዳደም።

ነገር ግን ዕዳው የጋራ ነው ማለት እኩል ነው ማለት አይደለም። ከሁለቱ ማናቸውም ቢሳሳት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ብስክሌተኛው ነው። ስለዚህ በጀርመን አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 የወጣ ደንብ፥ ክብደቱ ከ3.5 ቶን የሚበልጥ ካሚዮን በከተማ ውስጥ ብስክሌተኛ ሊያልፍ በሚችልበት ስፍራ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ በእግረኛ ርምጃ ልክ እንዲሄድ አዘዘ። በብሪታኒያም በ2022 የታረመው የመንገድ ደንብ ከፍ ያለ ጉዳት ማድረስ የሚችል ሰው ከፍ ያለ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል፤ ይህም ሌላውን ከጥንቃቄ ነጻ እንደማያወጣው አብሮ ይገልጻል።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ በአንዳንድ ጎዳናዎች የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መልካም ሥራ ነው። ሆኖም መስመሩ ከመታጠፊያው ሲደርስ ከመኪናው መንገድ ጋር መገናኘቱ አይቀርም፤ በዚያም ድንጋይና ቀለም ያልፈጸሙትን የሰው ትዕግሥት ሊፈጽመው ይገባል።

የጋራ ዕዳ እንደ ገንዘብ ዕዳ አይደለም፤ አንዱ ስለ ከፈለ የሌላው አይቀነስም። ነጂው «እርሱ ይጠንቀቅ» ቢል፥ ብስክሌተኛውም «እርሱ ያየኛል» ቢል፥ ሁለት ጠባቂ የነበረው ማዕዘን አንድም ጠባቂ ሳይኖረው ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው እንደሚስት አስቦ የራሱን ድርሻ ምሉ አድርጎ ይፈጽም።