‹የለም› የሚለው ማን ነው?

ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ የበርበሬና የበቆሎ ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ወራት፣ በጉራጌ ምድር፣ ቡታጅራ ዙሪያ ባሉት የመስቃን ቀበሌዎች የጤና መድን አባልነት ይታደሳል። መዋጮ ሰብሳቢዎች በዚያ ሰሞን ሁለት ቅሬታ ይሰማሉ። አንደኛው «አምና ከፈልኩ፤ ከቤቴ ማንም አልታመመም፤ ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «አምና ከፈልኩ፤ ልጄ ስትታመም ግን መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ ተባልኩ» የሚል ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ ችግር» እየተባሉ ባንድ ላይ ይታለፋሉ። ለእኔ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው መድን ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ መልስም አለው። ሁለተኛው መድኑ የገባውን ቃል ይጠይቃል፤ እሱን በግንዛቤ ስም ማለፍ በደል ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ሃያ ዓመት እድር ከፍሎ ከቤቱ ሰው ያልሞተበት አባወራ «ገንዘቤን መልሱልኝ» አይልም። ተመስገን ነው የሚለው። ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል፤ ድንኳኑ ጎረቤቱ ደጅ ሲተከል ካስማ መትቷል፣ አግዳሚ ተሸክሟል፣ ቀብር ወጥቷል። የሚከፍለው ለራሱ ቤት ሐዘን ብቻ እንዳልሆነ ማንም ሳያስተምረው ገብቶታል። የጤና መድን መዋጮም በመሠረቱ ይኸው ነው። ያልታመመው የከፈለው ለታመመው ይውላል፤ ጤነኛ ሆኖ መክረም ኪሳራ አይደለም። ነገር ግን የመድኑ አባል ገንዘቡ ማንን እንዳዳነ አያይም። የእንሴኖ ገበሬ ያዋጣው ብር በሌላ ቀበሌ የአንድ ሕፃን የሳንባ ምች መርፌ ሆኖ ቢውል፣ ሕፃኑ መዳኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህ «ገንዘቤ የት ገባ?» የሚለው ሰው ስግብግብ አይደለም። እድሩ ያሳየውን ያህል መድኑም እንዲያሳየው ነው የጠየቀው።

ሁለተኛው ቅሬታ ከባድ ነው። ለምን እንደሚከብድ ለማየት ይህ መድን ከየት እንደመጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ መዋጮው ገበሬው ይችለዋል ተብሎ በታሰበው ልክ ይቆረጣል፤ የድሃ ድሃ ለተባሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ለደሞዝተኛው ደግሞ ሠራተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ የሚያዋጡበት አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ግን ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጧል። የቡታጅራ መምህር የገበሬውን መድን ሲያይ የራሱን ሲጠብቅ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በገበሬው መድን ውስጥ ባለአክሲዮን የለም። ትርፍ የሚከፋፈል የለም። ወጪ ሲቀንስ ኪሱ የሚሞላ ሰው የለም።

አሜሪካ ያለው ወገናችን ስለ ኢንሹራንስ ሲያማርር ጠላቱን ያውቀዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው በየወሩ ከፍሎ፣ ሲታመም «መጀመሪያ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ከኪስህ ካልከፈልክ አንሸፍንም» ይባላል። ሐኪሙ ያዘዘለትን ምርመራ ደግሞ አይቶት የማያውቅ የኩባንያ ሠራተኛ ካልፈቀደ አያገኘውም። የሂሳቡ መንገድ ግልጽ ነው፤ ያልተፈቀደ ሕክምና ሁሉ ለባለአክሲዮኑ የተረፈ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ኢንሹራንሶች ከሚሰበስቡት ገንዘብ ቢያንስ ከ80 እስከ 85 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውሉ ማስገደድ ነበረበት። ለሕክምና የተሰበሰበ ገንዘብ ለሕክምና እንዲውል በሕግ ማስገደድ ካስፈለገ፣ ያ ገበያ ወዴት እንደሚያዘነብል አያጠራጥርም። ቢስማርክ እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን የሠራተኞችን የሕመም መድን በሕግ ሲያቆም መዋጮውን ለአትራፊ አልሰጠም ነበር።

እንግዲህ ይህ ሾፌር ቡታጅራ ላለች እህቱ ስልክ ሲደውል ምን ይሰማል? እሷም ከፍላለች፤ እሷም ተከልክላለች። ባለአክሲዮን በሌለበት አገር ያው ‹የለም› ደረሳት። ትርፍ ጥፋተኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ትርፍን ነቅለን ብንጥለው እንኳ የማይነቀል ነገር አለ።

‹የለም› እንዴት እንደሚፈጠር እንመልከት። ሐኪሙ ማዘዣ ይጽፋል። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ባለሙያ መደርደሪያውን አይቶ የለም ይላል፤ አልዋሸም። ጤና ጣቢያው ያልገዛው የወረዳው መድን ያለበትን ክፍያ ስላዘገየ ነው። ወረዳው ያዘገየው የተሰበሰበው መዋጮ ወጪውን ስላልቻለ ነው። መዋጮው ያልቻለው ገበሬው በሚችለው የተቆረጠ ስለሆነ ነው፤ የመድኃኒቱ ዋጋ ግን በዶላር ይንቀሳቀሳል፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ ልዩነቱ ሰፍቷል። ከዚህ ሌላ የሪፈር ደንብ አለ፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ ይከፍላል። ለገንዘቡ ደንቡ ተገቢ ነው፤ ሁሉም ሆስፒታል ቢጎርፍ ቋቱ በአንድ ወር ይደርቃል። ሕፃኗ በሌሊት ለተንቀጠቀጠችባት እናት ግን ጥያቄው ከቅርቡ ሐኪም ዘንድ እንዴት ልድረስ የሚል ብቻ ነው። በዚህ ሰንሰለት ላይ ያለው ሰው ሁሉ ምክንያት አለው፤ ተራ በተራ ብንሰማቸው ሁሉም እውነት ይናገራሉ። እናትየዋ ግን መጨረሻ ላይ የምትይዘው እጅ የላትም።

ሕመምተኛን የሚያስመርረው ይህ ባለቤት የሌለው ክልከላ ነው ብዬ አምናለሁ። የኩባንያው ክልከላ ተጠቃሚ አለው፤ ፊት ግን የለውም። የእኛው ክልከላ ደግሞ ተጠቃሚም ፊትም የለውም። በገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሻጩን ጥሎ ሌላ ጋ ይሄዳል፤ የታመመ ሰው ግን አይከራከርም፣ አያማርጥም፣ የሚያስፈልገውንም ራሱ አያውቀውም። ኬኔት አሮው የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ሕክምና እንደ ተራ ሸቀጥ የማይገበያየው በዚህ እርግጠኛነት ማጣት ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። መታመም ማለት ራስን በሌላ ሰው እጅ ላይ መጣል ነው። እንዲህ እጁ ላይ የወደቀን ሰው «የለም» የሚል ሁሉ ቢያንስ ሦስት ነገር የመናገር ግዴታ አለበት፤ ማን እንደከለከለ፣ ለምን እንደከለከለ፣ አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ። ገንዘብ ማጣት ይቅር ሊባል ይችላል። እነዚህን ሦስቱን መንፈግ ግን የገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ወደ እድር እንመለስ? የእድር ዳኛ ሲከለክል ስሙ ይታወቃል፤ ሰንበት ላይ፣ ገበያ ላይ፣ መስጊድ ደጅ ላይ ታገኘዋለህ። ይህ ሐሳብ ልቤን ይስበዋል፤ ግን አልቀበለውም። የቀብር ወጪ ልኩ ይታወቃል፤ የሕመም ወጪ ግን ማብቂያው አይታወቅም። አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ ትንሽ እድርን በአንድ ክረምት ባዶ ሊያስቀረው ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በከተሞቻችን የሕመምተኛን ፎቶ ለጥፈው በድምፅ ማጉያ «ወገኖቼ፣ ደርሳችሁ አትርፉኝ» እያሉ የሚዞሩ መኪኖችን ሁላችንም አይተናል። ሕዝባችን ለጋስ ነው፤ ብዙዎች በዚያ መንገድ ድነዋል። ግን ለመዳን ፊትን ባደባባይ ማውጣት፣ ማስለቀስ፣ መወደድ ያስፈልጋል። ማራኪ ታሪክ የሌለው፣ ከጎረቤቱ የተጣላ፣ ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ በዚያ መኪና ላይ ቦታ የለውም። መድን ከችሮታ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የተወደደም ያልተወደደም እኩል ይታከማል። ካርዱን የያዘ ሰው ማልቀስ የለበትም።

መስቃን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሣው ግጭት በገበያና በጋብቻ የተሳሰሩ ሰዎችን ለያይቷል፤ ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ተቃጥሏል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በፍቅር ላይ ብቻ የቆመ መረዳዳት ይሰበራል። ከወረዳ ከፍ ያለ፣ በክልል ደረጃ የተሰበሰበ አንድ የጋራ ቋት ቢኖር ግን የመስቃኑ መዋጮ የማረቆውን ልጅ፣ የማረቆው መዋጮ የመስቃኑን ልጅ ያሳክማል፤ ወላጆቻቸው ሳይነጋገሩም ቢሆን። የማያውቁትን ሰው ወንድም ማድረግ የሚቻለው በእንዲህ ያለ ሥርዓት ይመስለኛል።

የጉራጌ ሕዝብ ለማያውቀው ሰው ማዋጣትን በመንገድ ሥራ አሳይቷል። ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ ጅምሩ የሕዝብ መዋጮ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴም አገር ቤት ያለው ገበሬም ለመንገድ ማኅበሩ ከፍለዋል። ብዙዎቹ ከፋዮች የመንገዱን ጫፍ አላዩትም። ሆኖም መንገድና ሕክምና አንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። መንገድ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚያልፈውን ሰው «ከፍለሃል? ሪፈር አለህ?» አይለውም። ሕክምና ግን በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ይወሰናል። ለዚህ ነው ለጤና መድን የመዋጮ ባህል ብቻ የማይበቃው። የውሳኔ ባህልም ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ገና አልተሠራም።

ለዚህ ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ምሳሌ ይሆነኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ይህ የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ወሊዳቸው የሚያሰጋ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበትን ማረፊያ በግቢው ውስጥ ከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ በተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ማረፊያው ውስጥ ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 ወሊድ ወደ 90 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 ይበልጣሉ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ጭንቅ ላይ ሆነው የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማረፊያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። እኔን የሚማርከኝ ግን የቦታው አቀማመጥ ነው። እዚያ መጠበቅ ክልከላ አይደለም። የምትጠብቀዋ ሴትና የምትወስነው አዋላጅ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ያንዷ ጭንቅ ከሌላዋ ዓይን አይሰወርም።

እንዲህ ያለውን ቅርበት በክልል ደረጃ ባለ ቋት ውስጥ ማቆየት ይቻላል? አስቸጋሪ ነው፤ የሚጀመርበት ቦታ ግን አለ። የመስቃንና የቡታጅራ ሕዝብ በጤና ረገድ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁሉ በብዛት ከተቆጠሩት አንዱ ነው። የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ ቤት ለቤት መዝግቧል። እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ በተደረገ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለመለየት 68,378 ሰዎች ተጠይቀዋል፤ የዓለም ሳይንስ ስለ ቡታጅራ ያወቀው በዚህ ልፋት ነው። እንዲህ ልደትና ሞት በተቆጠረበት አገር ‹የለም› የተባለ ሰው መዝገብ ይጣ? በየጤና ጣቢያው ያልተሰጠው መድኃኒት ስም፣ የተከለከለው አባል፣ ምክንያቱና የከልካዩ ኃላፊ ስም በጽሑፍ ይስፈር። አባሉ ከውጭ የገዛበት ደረሰኝ በቁርጥ ቀን ይመለስለት። በአሠራሩ ላይ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ በተግባር ግን ጉዳዩን የሚይዘው በወረዳ አስተዳዳሪ የሚመራ ቦርድ ነው። ጉባኤው ያንን የክልከላ መዝገብ በየዓመቱ ገልጦ የሚጠይቅበት ሥልጣን ይኑረው፤ የመዋጮው ልክ ከመጨመሩ በፊት።

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቢሮዎቹ ገና ይደራጁ ነበር፤ አሁን ግን በክልል ደረጃ ስለሚሆን ትልቅ ቋት መነጋገር ተገቢ ነው። ገንዘቡ ከወረዳ ወደ ክልል ሲወጣ ግን የእንሴኖዋ እናት መድኃኒት ሲከለከሉ ደውለው የሚጠይቁት ባለሥልጣን ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጣቸው፣ ካልሰጠም ማን እንደሚጠይቀው ገንዘቡ ከመንቀሳቀሱ በፊት በደንቡ ውስጥ ተጽፎ፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት እፈልጋለሁ።