«ተመስገን» ማለትና ማመስገን

በአገራችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ተገናኝተው «እንዴት አደርህ» ቢባባሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጤነኛውም፥ ሕመምተኛውም፥ ትናንት ልጁን የቀበረውም ሰው የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በእንፍራንዝ በኩል ወደ አዲስ ዘመን የሚሄድ መንገደኛ ይህን ቃል በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው ቈጥሮ አይጨርሰውም። እንግዲህ ነገሩ በአፍ እንደምንናገረው ቢሆን ኖሮ ከእኛ የሚበልጥ አመስጋኝ ሕዝብ ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን በአፍ «ተመስገን» ማለትና በእውነት ማመስገን አንድ ናቸውን? የተጨነቀውን ሰውስ «አመስግን» ብሎ መምከር ሁልጊዜ የተገባ ነውን? ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል።

ምስጋና ማለት የተቀበሉትን ስጦታ ማወቅ፥ ሰጪውንም ማወቅ፥ ያወቁትንም በቃልና በሥራ መግለጥ ነው። በግእዝ «አኮቴት» ይባላል፤ በቅዳሴያችን የሚቀርበው መሥዋዕት አኮቴተ ቍርባን መባሉም ስለዚህ ነው። በጽርእ ቋንቋም የቅዱስ ቍርባን ስም «ኤውካሪስትያ» ምስጋና ማለት ነው። እግዚአብሔር በባሕርዩ ምሉዕ ስለ ሆነ ብናመሰግነው አይጨመርለትም፥ ባናመሰግነውም አይጐድልበትም፤ ጥቅሙ ለአመስጋኙ ነው። አመስጋኝ ሰው የተቀበለ እንጂ ከራሱ ያመጣ አለመሆኑን ያውቃልና አይታበይም፤ ያለውን ይቈጥራልና በጎረቤቱ አይቀናም። የማያመሰግነው ግን በልቶ ወጭት ሰባሪ ይባላል። ሰውንም ስናመሰግን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ይህም «ውለታህን እኔ ልከፍለው አልችልምና በእኔ ፈንታ እግዚአብሔር ይክፈልህ» ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ግን «በደረሰብኝ መከራ እንዴት አመሰግናለሁ? ይህ ክፉውን ነገር ደግ ነው ማለት አይሆንብኝምን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት (5፥18) ምእመናን በሁሉ ነገር እንዲያመሰግኑ አዝዟል። ይህም ማለት ክፉውን ደግ በሉት ማለት አይደለም፤ በክፉው ቀን ውስጥ ሳላችሁ እግዚአብሔር እንዳልተለያችሁ ዕወቁ ማለት ነው። አንድም፥ ከጠፋው የተረፈውን እዩ ማለት ነው። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ቆሞ እንባውን አፈሰሰ፤ በዚያው ስፍራ ደግሞ አባቱን አመሰገነ (ዮሐ. 11፥35፤ 41)። ልቅሶው ምስጋናውን አልከለከለውም፥ ምስጋናውም ልቅሶውን አልነቀፈውም።

ከእኛው ከእንፍራንዝ ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው ፈላስፋ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህች ከተማ ተቀምጦ እንደ ነበረ በስሙ የሚጠራው ሐተታ ይናገራል። መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር የማይስማማም ብዙ ነገር አለበት። ሆኖም በውስጡ የሚገኝ አንድ ታሪክ ለነገራችን ይጠቅማል። ሰውየው ገና ተማሪ ሳለ ገደል ገብቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ ከተረፈም በኋላ የገደሉን ጥልቀት በረጅም ገመድ ለካው፤ ከዚያም እግዚአብሔርን እያመሰገነ ወደ መምህሩ ቤት ሄደ ይላል። እነሆ፥ ለክቶ አመሰገነ። እውነተኛ ምስጋና ገደሉን «ሜዳ ነው» አይልም፤ ጥልቀቱን በትክክል ያውቃል፥ ስላወቀም ያመሰግናል።

እዚህ ላይ ግን ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ገደሉን ለክቶ ያመሰገነው የወደቀው ሰው ራሱ ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ በታች የወደቀውን ሰው «አመስግን» የሚለው ግን ሌላ ነው፤ የእርሱ ሥራ ገመዱን መወርወር ነውና።

በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ታላቅ ረሃብ በሆነ ጊዜ እኔ ደበሎ ለባሽ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። በእኛ በኩል እንደ ወሎና እንደ ትግራይ አይጽና እንጂ እህል ተወዶ፥ የተማሪ አኩፋዳም ባዶውን ይመለስ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ጎተራው ካልጐደለበት ሰው ደጅ ቆምን። ባለቤቱ ወጥቶ «ዘመኑ ክፉ ነው ልጆቼ፤ ታገሡ፥ ስለ ሁሉም አመስግኑ» ብሎን በሩን ዘጋ። ከዚያ አለፍ ብሎ ወደሚገኘው ወደ አንዲት አሮጊት መነኵሲት ጎጆ ደረስን። እርሳቸውም ከመሶባቸው ያለችውን አንዲት እንጀራ አውጥተው ለሁለት ቈረሱና እኩሌታውን ሰጡን። እኔም ደንግጬ «እማሆይ፥ ለእርስዎ ምን ይተርፍዎታል?» ብላቸው «ተመስገን ነው ልጄ፤ የምቈርሰው አላሳጣኝም» አሉኝ።

በዚያ ቀን ሁለቱም ሰዎች ስለ ምስጋና ተናገሩ። የፊተኛው ምስጋናን የደጁ መዝጊያ አደረገው፤ እማሆይ ግን መክፈቻ አደረጉት።

ይህን የምናገረው በሌላው ለመፍረድ አይደለም፤ እኔም ክህነት ከተቀበልሁ በኋላ የፊተኛውን ሰው መስያለሁና። አንድ ገበሬ በእርሻ ወራት አንደኛው በሬው ሞቶበት ሊያማክረኝ መጣ። እኔም ለሰዓታት እቸኵል ነበርና «እግዚአብሔር ያውቃል፥ ተመስገን በል» ብዬ አሰናበትሁት። እርሱም «ተመስገን» ብሎ፥ እጄን ተሳልሞ ሄደ። መቀናጆ የሚሆነው ሰው በደብራችን አይታጣም ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር በተገኘለት። በመከር ጊዜ በዚያ ባልታረሰ ማሳ አጠገብ ሳልፍ የሰጠሁት ምክር ምን እንደ ነበረ ገባኝ። ቃሉ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ከእኔ የሚፈለገው ቃል አልነበረም።

ጌታችን በምድረ በዳ የተራበውን ሕዝብ ባየ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ እንዲያሰናብተው ለመኑት። እርሱ ግን አላሰናበተውም፤ «ረሃባችሁን ታግሣችሁ አመስግኑ»ም አላለውም። አምስቱን እንጀራ ይዞ እርሱ ራሱ አመሰገነ፥ ለሕዝቡም አደለ (ዮሐ. 6፥11)። ያመሰገነው እንጀራው ከበዛ በኋላ አይደለም፥ ገና ጥቂት ሳለ ነው። ማመስገንና መስጠት በአንድ እጅ የሚሠሩ አንድ ሥራ መሆናቸውን በዚህ እንረዳለን። በየቅዳሴውም የምናየው ይህንኑ ነው፤ በኅብስቱ ላይ ምስጋና ይደርሳል፥ ኅብስቱም ይፈተታል፥ ለምእመናንም ይታደላል። ሐዋርያው ያዕቆብም ለተራበና ለታረዘ ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት እንደማይጠቅም አስተምሯል (2፥15–16)።

እንግዲህ በየዕለቱ ኑሮአችን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፥ ማታ ከመተኛታችን በፊት የዕለቱን ስጦታ በየስሙ እናስበው። በደፈናው «ስለ ሁሉ ተመስገን» ማለት መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ውኃ የቀዳችልንን ልጅ፥ በሬውን ያቀናጀንን ጎረቤት፥ ፊደል ያስቈጠሩንን የኔታ ለይቶ ማሰብ ልብን ያነቃል። ከእንፍራንዝ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የጕዛራ ግንብ ቆሟል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ዐፄ ሠርፀ ድንግል መሆኑን እናውቃለን፤ ድንጋዩን የተሸከሙትን ግን ስማቸውን የሚነግረን የለም። በየቤታችንም እንዲሁ ድንጋዩን እየተሸከሙ ስማቸው የማይነሣ አሉና እነርሱን እንፈልጋቸው።

ሁለተኛ፥ ተመልሰን እናመስግን። ከለምጻቸው የነጹት ዐሥሩም ሰዎች ምሕረትን ሲለምኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር፤ ተመልሶ ያመሰገነው ግን አንዱ፥ ያውም ሳምራዊው ነበረ (ሉቃ. 17፥11–19)። ውለታ የዋለልን ሰው በሕይወት ሳለ ደጁ ድረስ ሄደን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እንበለው።

ሦስተኛ፥ በራሳችን መከራ እናመስግን፤ በሌላው መከራ ግን እንርዳ። ይልቁንም እኛ ካህናት ኀዘንተኛውንና ድኻውን ከማጽናናታችን በፊት በእጃችን የሚገኝ ገመድ መኖሩን እንመርምር። ካለ እንወርውርለት፤ ከሌለም አብረነው እናልቅስ። «ተመስገን» የሚለውን ቃል እርሱ ራሱ በጊዜው ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም ቃሉ የእርሱ የራሱ ምስጋና ይሆናል።

አምላካችን የሰጠንን የምናውቅበትን ዐይን፥ ያወቅነውንም የምንቈርስበትን እጅ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።